የወይዘሮ የትነበርሽ ማኪና ሕመም

በታኅሣሥ አጋማሽ፣ የወገራ ውርጭ ገና ከሣሩ ላይ ሳይነሣ፣ አንዲት እናት በነጠላ የተጠቀለለ ነገር እንደ ሕፃን ታቅፈው ከአምባ ጊዮርጊስ ወደ ጎንደር በምትወርድ ሚኒባስ ተሳፈሩ። ሾፌሩ «እማማ፣ ዕቃውን ከኋላ ላስቀምጥልዎ?» ቢላቸው «ዕቃ አትበላት!» ብለው ገላመጡት። እኒህ እናት ወይዘሮ የትነበርሽ ይባላሉ። ባለቤታቸው መሪጌታ ወልደኢየሱስ ካረፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። እሳቸው ግን ልብስ እየሰፉ ቤታቸውን እንደ ወትሮው አሙቀው የያዙ፣ በአካባቢው ሁሉ እጀ ወርቅ የሚባሉ ሴት ናቸው። እጃቸው ሸጋ መሆኑን የሚክድ የለም። አፋቸው ግን ከእጃቸው ይቀድማል፤ ዛሬ የምናወራው ነገርም የመጣው ከዚሁ ነው።

ከጎናቸው የተቀመጠችው ወጣት ማርያማዊት ትባላለች። የጎንደር ልጅ ናት። ልብስ ስፌትና የስፌት ማኪና ጥገና ተምራ፣ ፒያሳ አጠገብ በተከራየቻት አንዲት ክፍል ሌሎችን ታስተምራለች። አምባ ጊዮርጊስ የሚኖሩ አክስቷን ጠይቃ መመለሷ ነበር። እናትዮዋ ያቀፉት ሲከብዳቸው፣ ክንዳቸውን ሲያፈራርቁ አይታ አንጀቷ አልችል አለ።

«እማማ፣ ከደከመዎ ሕፃኑን እኔ ልያዝልዎ» አለች።

«ሕፃን አይደለችም ልጄ። ታማብኝ ነው።»

«እግዚአብሔር ይማራት። ምኗን ነው የሚያማት?»

«ምኗን ልበልሽ? ጠዋት ጠዋት ይነሣባታል። ትደርቃለች፤ አልነቃነቅ ትላለች። ስትነቃነቅ ደግሞ ክር ትበጥሳለች፣ ከሥሯም ትተበትባለች።»

ማርያማዊት እስከ «ትደርቃለች» ድረስ ከልቧ አዝና ነበር። «ክር ትበጥሳለች» ሲሉ ግን ግራ ገባትና የነጠላውን ጫፍ ገለጥ አደረገች። ወርቅማ አበባው የደበዘዘ የጥቁር ስፌት ማኪና ራስ ብቅ አለ። አንገቷ ላይ በቀይ ክር የታሰረ ክታብ ተንጠልጥሏል። ልጅቱ ሳቋን ለመዋጥ ወደ መስኮቱ ዞር አለች።

«ሳቂ፣ ሳቂ» አሉ ወይዘሮ የትነበርሽ። «ያልደረሰበት ይስቃል። ሃያ አምስት ዓመት አብራኝ የኖረች ናት። መሪጌታ የካህናቱን ካባ፣ እኔ የሴቱን ቀሚስ ሰፍተንባታል። አሁን የሰንበት ተማሪዎቹ ለጥምቀት አሥራ ሁለት ቀሚስ አዝዘውኝ ሁለቱን እንኳ አልጨረስኩ። ይኸ ሁሉ የጎረቤቴ ዓይን ነው።»

«ስለ ሳቄ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ በክፋት አይደለም። ግን ዓይን መሆኑን በምን አወቁ?»

ወይዘሮ የትነበርሽ ጠያቂ ማግኘታቸው ደስ ስላላቸው ነገሩን ከሥሩ ጀመሩ። «እንኳየሁ ትባላለች፤ ሸክላ ሠሪ ናት። ጾመ ነቢያት በገባ በሦስተኛው ቀን፣ በማለዳ ወንፊት ልትዋስ መጣች። እኔ እየሰፋሁ ነበር። በሩ ላይ ቆመችና ‹ምነው እንዲህ ስትፈጥን! ዓይኔን ከሷ ላይ መንቀል አቃተኝ› አለች። እንትፍ እንትፍ አላለች፤ የማርያምንም ስም አልጠራች። በማግስቱ ማለዳ ማኪናዬ ደርቃ አገኘኋት። ከዚህ በላይ ምን ምስክር ትፈልጊያለሽ?»

እዚህ ላይ አንባቢን ትንሽ ላቁም። በአገራችን ጭቃውን ድስት፣ ብረቱን ማረሻ፣ ጥጡን ሸማ የሚያደርግ ሰው እጁ ይፈለጋል፣ ዓይኑ ይፈራል። በሠራው ድስት ወጥ ሠርተን እንበላለን፤ እሱ ብቅ ሲል ግን ወጡን እንከድናለን። ከዚህ የባሰ ውለታ ቢስነት እኔ አላውቅም። ወይዘሮ የትነበርሽ ጎረቤታቸውን በደረቁ «እንኳየሁ» ይበሏቸው እንጂ፣ እኛ ወይዘሮ እንኳየሁ እንላቸዋለን።

«ከዚያስ ምን አደረጉ?» ጠየቀች ማርያማዊት።

«ምን ያላደረግሁት አለ? ጸበል ረጨኋት፤ ቄሱ ‹ኧረ ብረት ነው፣ ይዝግብሻል› ብለው ተቆጡኝ። የአገራችን አዋቂ ክታብ ጻፈላት፤ እሱም አልያዘላት። አሁን ጎንደር አንድ ብርቱ አዋቂ አለ ብለውኝ ወደሱ ልወስዳት ነው።»

«ለጎረቤትዎስ ምን አሏቸው?»

ወይዘሮ የትነበርሽ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ለሷማ ምንም አላልኳት። ኅዳር ሃያ አንድ፣ በእመቤታችን ማኅበር ላይ ግን ‹ከዛሬ ጀምሮ ከእንኳየሁ ጋር በአንድ ጽዋ አልጠጣም፤ ዓይኗ ማኪናዬን በልቷል› አልኩ። እሷም እዚያው ነበረች። ነጠላዋን ተከናንባ ወጣች።»

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ የወይዘሮ እንኳየሁን ደጃፍ የረገጠ ገዢ የለም። ገበያ ያወጡትን ድስት ሁሉ ይዘው ይመለሳሉ፤ የገዙትም ሳይቀሩ ደጃፋቸው ላይ መልሰው አስቀምጠውላቸዋል። ሴትዮዋ ነገሩ ሲከፋባቸው ዕቃቸውን አሥረው እንፍራንዝ ወዳለች እኅታቸው ሊሄዱ ተነሥተዋል። የሚሄዱትም በማግስቱ ጠዋት መሆኑን ወይዘሮ የትነበርሽ ሰምተዋል።

«ስንት ዓመት ተጎራበታችሁ?» አለች ማርያማዊት።

«ሠላሳ።»

«በሠላሳ ዓመት ውስጥ ሌላ ምን በሉብዎ? ላም? ልጅ?»

«ኧረ ልጄን እንኳ አዝላ ያሳደገችልኝ እሷ ናት። መሪጌታ ያረፈ ጊዜም አርባው እስኪወጣ ከኔ ጋር መሬት ላይ ተኝታለች።»

«ታዲያ እማማ፣ ጀርባው ላይ ያደረ ሕፃን ያልበላ ዓይን ብረት ይበላል?»

«ሰው ይለወጣል» አሉ ወይዘሮ የትነበርሽ ቀስ ብለው፣ ነጠላውንም መልሰው ሸፈኑ። እውነቱን ለመናገር፣ ያ የማኅበር ቀን ከሆነ ወዲህ እንቅልፋቸው ልክ አልነበረም። ግን ያሉትን ብለዋል። ሰው አንድ ጊዜ በአደባባይ ከተናገረ በኋላ እውነትን የሚፈልገው ለመማር ሳይሆን ለመርታት ነው።

«እኔ ዓይን የለም ብዬ ከእርስዎ ጋር ልሟገት አልደፍርም» አለች ማርያማዊት። «ግን ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና፣ አዋቂው ዘንድ ከመሄድዎ በፊት ማኪናዋን ልያት። የምሠራበት ቤት ከመንገድዎ አይርቅም። እኔ ካልቻልኩ ራሴ አዋቂው ዘንድ ተሸክሜ አደርስልዎታለሁ።»

የመጨረሻው ቃል አሸነፈ። ማኪናዋ በእውነት ከብዳቸው ነበር።

ፒያሳ ሲደርሱ ፀሐዩ ደምቋል። ማርያማዊት በቅድሚያ ሻይ ጋበዘቻቸው፤ ከዚያ ማኪናዋን ከራሷ ገበታ ላይ አሥራ ክር አስገባችና «እስቲ እንዴት እንደምታስቸግርዎ ያሳዩኝ» አለች። ወይዘሮ የትነበርሽ ቁራጭ አቡጀዲ አስገብተው ፔዳሉን ረገጡ። ማኪናዋ ተር ተር ተር እያለች፣ ምንም እንዳልሆነች ሁሉ፣ ከዳር እስከ ዳር ሰፋች። ስፌቱ እዚህም እዚያም ላላ ይበል እንጂ ክር አልተበጠሰም፤ ከሥርም አልተተበተበም።

ወይዘሮ የትነበርሽ ከወንበራቸው ተነሥተው እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸው። «አየሽ? አየሽ ልጄ? ከዓይኗ ስትርቅ ዳነች! አንቺም በዓይንሽ አየሽ! ከእንግዲህ ምን ትያለሽ?»

ማርያማዊት ያየችው ነገር ለሴትዮዋ መሰከረ እንጂ ለሷ አልመሰከረም። ጥሩ የተማረ ሰው ግን መልስ ሲያጣ ጥያቄ አያጣም።

«ደግ ነው» አለች። «አምባ ጊዮርጊስ እያለች ቀኑን ሙሉ ነው የምትታመመው?»

«አይደለም። ጠዋት ነው። ፀሐይ ሲሞቅ፣ ወደ ስድስት ሰዓት ግድም፣ ሻል ይላታል።»

«ወይዘሮ እንኳየሁስ ቀን ቀን የት ይውላሉ?»

«የት ትሄዳለች? ከአጥሬ ሥር ሸክላዋን ታሰጣለች።»

«እንግዲያ ቀኑን ሙሉ ከማኪናዋ አጠገብ ናቸው፤ ማኪናዋ ግን ቀን ቀን ይሻላታል። ዓይናቸው ከስድስት ሰዓት በኋላ ይጾማል ማለት ነው?»

«ዓይን በባዶ ሆድ ይበረታል» አሉ ወይዘሮ የትነበርሽ። ሲሉት ግን ለራሳቸውም ብዙ አልጣማቸውም።

ማርያማዊት ጎንበስ ብላ ማኪናዋን ዳሰሰች። ጣቷን አነሣች፣ አሸተተች፣ ደግማ አሸተተች። «እማማ፣ ምን ይቀቧታል?»

«ምን እቀባታለሁ? ቅቤ ነዋ! ያውም ለጋ!»

«ቅቤ?»

«ምነው? ዘይቷን የሚያውቀው መሪጌታ ነበር። እሱ ያስቀመጣት ብልቃጥ ጥቅምት ላይ አለቀች። የሰው ራስ የሚያለሰልስ ቅቤ ብረት ማለስለስ ያቅተዋል? ጥቅምትን ሸጋ አድርጋ ሰፋችልኝ። ጾሙ ሲገባ ደግሞ ቅቤው ተረፈ። እኛ ብንጾም እሷ ምን በወጣት ብዬ በሦስተኛው ቀን ማታ እስክትጠግብ አጠጣኋት።»

«እማማ፣ ማኪናዋን ጾም አስገድፈዋታላ!»

ሁለቱም ሳቁ። ወይዘሮ የትነበርሽ ሲስቁ እስከ አሁን ያላየችው ደግነት ፊታቸው ላይ ታያት፤ ልጅቱም ወደደቻቸው። ሳቁ ሲበርድ በለዘበ ቃል ጠየቀች፦ «ቅቤ በአምባ ጊዮርጊስ ማለዳ፣ በታኅሣሥ፣ ምን ይመስላል?»

«ድንጋይ» አሉ ሳያስቡት። ካሉት በኋላ አፋቸውን ያዙ።

ሰው ግን እንዲህ በቀላሉ አይረታም። ወዲያው «ይሁን እንጂ፣ እሷ ባየቻት ማግስት መሆኑስ?» ብለው ተነሡ። ማርያማዊት አልተከራከረችም። ማኪናዋን ፈትታ ታቀፈችና ከክፍሏ ጎን ወዳለው የናዝራዊት ሻይ ቤት ይዛት ሄደች። ናዝራዊት የለስላሳ መጠጥ ማቀዝቀዣ ትልቅ ፍሪጅ አላት።

«ናዚ፣ የታችኛውን መደርደሪያ አንድ ሰዓት ታበድሪኛለሽ?»

ናዝራዊት ማኪናዋን አየች፣ ማርያማዊትን አየች። «ምን ልታደርጊያት ነው? ጠምቷት ነው?» አለች። ጠርሙሶቹን ግን አነሣችላት። የስፌት ማኪናይቱም ክታቧን እንዳንጠለጠለች በለስላሳዎቹ መካከል ገባች። ሻይ ሊጠጣ የገባ ሁሉ በመስታወቱ ውስጥ እያያት ይስቅ ጀመር። ወይዘሮ የትነበርሽ ሽሮ ቀርቦላቸው በሉ፤ ዓይናቸው ግን ከፍሪጁ አልተነቀለም።

አንድ ሰዓት ከምናምን ከቆየች በኋላ ማኪናዋ ወጣች። ወይዘሮ የትነበርሽ ማንም ሳይነካት ራሳቸው ጎማዋን ጨበጡ። አልዞር አለች። ሁለተኛ ሞከሩ፤ እያቃሰተች ዞረች። ገበታው ላይ አሥረው ጨርቅ ሲያስገቡባት ሦስት ጊዜ ረገጠችና ተያዘች። ጨርቁን ገልብጠው ሲያዩት ከሥሩ ያ የሚያውቁት ቋጠሮ፣ የወፍ ጎጆ የሚያህል ክር ተጎልጉሏል። ልክ እንደ አምባ ጊዮርጊሱ ነበር።

«ያችው ናት» አሉ በሹክሹክታ። «ሕመሟ ያው ነው።»

«እዚህ ማን አየብዎት እማማ?»

ወይዘሮ የትነበርሽ ወደ ፍሪጁ ዞር አሉ። «እኔ፣ አንቺና ለስላሳው» አሉ።

ያን ጊዜ ማርያማዊት ካቻቢቴዋን፣ ነጭ ጋዝና አሮጌ የጥርስ ብሩሽ አምጥታ ማኪናዋን ከፈተቻት። ወይዘሮ የትነበርሽ የልጅቱን ጣቶች እያዩ ተገረሙ። እያንዳንዷን ብሎን ስታወጣ በአወጣጧ ቅደም ተከተል ነጭ ጨርቅ ላይ ትደረድራለች፤ አትቸኩልም፤ በኃይል የምትጎትተው ነገር የለም። መሪጌታ ካባ ሲሰፉ እንዲህ ነበሩ። ከማኪናዋ ሆድ የወጣው ቅቤ ከክር ብናኝ ጋር ተጋግሮ ሰም መስሏል።

«እነዚህን ሁለት ክብ ብረቶች ይዩልኝ» አለች ማርያማዊት፣ ከማኪናዋ ፊት ለፊት ያሉትን እንደ ሳንቲም የተደራረቡ ነገሮች እያሳየች። «ሥራቸው የላይኛውን ክር መሐላቸው አስገብቶ መጭመቅ ነው። ቅቤው ሲረጋ ገብቶ ተኛባቸውና እርስ በርስ አልነካካ አሉ። ክሩን የሚይዘው ሲጠፋ እንደ ልቡ ይለቀቅና ከጨርቁ ሥር ይከማቻል። እርስዎ ከሥር ሲተበተብ ምን ያደርጉ ነበር?»

«የታችኛው ክር የሚጠመጠምባትን ቦቢን አወጣና የቤቷን ብሎን አጠብቃለሁ። ደግሞ ሲተበተብ ደግሞ አጠብቃለሁ።»

«ስለዚህ ነዋ የታችኛው ክር የሚበጠሰው! እሱ ምስኪን ምንም አላጠፋም። ቋጠሮው የሚታየው ከሥር ስለሆነ ሰው ሁሉ የታችኛውን ይወነጅላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ከሥር የሚተበተበው የላይኛው ክር ነው።»

«አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» አሉ ወይዘሮ የትነበርሽ።

ልጅቱ ስለ ክር ነበር የተናገረችው፤ እሳቸው ግን በማኅበሩ ቤት ነጠላቸውን ተከናንበው የወጡት ሴት ፊታቸው ላይ ድቅን አሉባቸው። አንገታቸውን ደፉ፤ ዓይናቸው እንባ ሞላ።

«ልጄ» አሉ፣ «ጥፋቱ ያለው ቅቤ የቀባው እጄ ላይ ነው። እኔ ግን ወደ ደጃፍ ተመለከትኩ። መሪጌታ ቢኖር ያፍርብኝ ነበር።»

«መሪጌታ ቢኖሩ በመጀመሪያ ዘይት ይገዙ ነበር» አለች ማርያማዊት፣ እንዲጽናኑ ብላ። «እማማ፣ የማያውቁትን ነገር አለማወቅ ነውር አይደለም። አሁን ይማሩትና እርስዎም ለሌላው ያስተምሩ። ቦቢኑንስ እንዴት ነው የሚጠመጥሙት?»

«እንደ ቀሰም፣ በእጄ፤ ሆዱ እስኪነፋ።»

«ቀሰም ለሸማኔ ነው፤ በእጅ ቢጠመጠም ይሆናል። ቦቢን ግን በእጅ ሲጠመጠም አንዱ ጋ ይላላል፣ አንዱ ጋ ይጠብቃል፤ ሲሰፋም እንደዚያው ያንገራግራል። ማኪናዋ ራሷ ትጠምጥመው፤ እስከ አፉም አይሙሉት፣ ጥቂት ጎደል ይበል። ቤቱ ውስጥ ሲያስገቡት ደግሞ ክሩን ይዘው ያንጠልጥሉት። በራሱ ተንሸራቶ ከወረደ ላልቷል፤ ጨርሶ ካልወረደ ጠብቋል፤ እጅዎን ነቅነቅ ሲያደርጉት ብቻ ትንሽ ዝቅ ካለ ልክ ነው።»

ወይዘሮ የትነበርሽ ቦቢኑን አንጠለጠሉ፤ ነቀነቁ፤ ዝቅ አለ። «እሰይ!» አሉ እንደ ልጅ።

«የላይኛውን ክር ሲያስገቡስ፣ ጨርቅ የሚረግጠው እግር ተነሥቶ ነው ወይስ ወርዶ?»

«ወርዶ። ምን ለውጥ አለው?»

«እግሩ ሲወርድ እነዚያ ሁለት ብረቶች ይገጥማሉ፤ ክሩ መሐላቸው አይገባም፣ ከላይ ይቀራል። ስለዚህ ሁልጊዜ እግሩን አንሥተው ያስገቡ። ሲጀምሩም የሁለቱን ክር ጫፍ ወደ ኋላ ይዘው ሁለት ሦስት ጊዜ ይርገጡ። መርፌዋንስ መቼ ነው የሚለውጡት?»

«ስትሰበር ነዋ!»

«እንዲህማ ከሆነ መርፌዋ ዱልዱም ሆና ክሩን ስታኝከው ነው የከረመችው። ሦስት አራት ቀሚስ ሲሰፉ ይለውጧት። ዘይቱም የስፌት ማኪና ዘይት ይሁን፤ ሁለት ሁለት ጠብታ፣ ከዚያም በቁራጭ ጨርቅ ላይ ሰፍተው ትርፉን ያስወጡት። አለዚያ የጥምቀቱን ነጭ ቀሚስ ያበላሽብዎታል። ቅቤውን ለገና ያቆዩት።»

ሦስት ጊዜ ክሩን አውጥታ ሦስት ጊዜ እንዲያስገቡ አደረገቻቸው። በሦስተኛው ወይዘሮ የትነበርሽ መነጽር ሳይጠይቁ አስገቡት። ስፌቱ ከላይም ከሥርም አንድ መልክ ያዘ፤ ድርና ማጉ ልክ እንደገጠመ ሸማ። ማርያማዊት «እንግዲህ ዳነች» ብላ ልትጠቀልላት ስትል ግን ወይዘሮ የትነበርሽ እጇን ያዙ።

«ቆይ ልጄ። አሁንም ፍሪጅ ትግባ።»

«ምነው እማማ? አላመኑም?»

«አምኛለሁ። ግን ስመለስ የምናገረው አለኝ። ባለፈው ሳላጣራ ተናግሬ ነው የተዋረድኩት። አሁን አጣርቼ ልናገር።»

ለኔ፣ በዚያ ቀን ከሆነው ሁሉ ትልቁ ይህ ነው። ጠዋት ክታብ አንጠልጥለው የመጡት እናት ከሰዓት በኋላ ማስረጃ ጠየቁ። ማኪናዋም ዳግመኛ በለስላሳዎቹ መካከል ከርማ፣ ብረቷ እጅ የሚቆርጥ ሆና ወጣች። ወይዘሮ የትነበርሽ ፔዳሉን ረገጡ። ተር ተር ተር። ከዳር እስከ ዳር።

ናዝራዊትም አጨበጨበች። ወይዘሮ የትነበርሽ ማርያማዊትን ጉንጯን ስመው «እንዳንቺ ያለውን ያብዛልን። እጅሽ አይንጠፍ። እኔ አዋቂ ፍለጋ ነበር የመጣሁት፤ አገኘሁ» አሏት። ከማኪናዋ አንገት ላይ ክታቡን ፈትተው በቦርሳቸው አኖሩ። ማርያማዊትም የዘይት ብልቃጥና አንድ ፓኮ መርፌ በስጦታ ጨምራ እስከ መኪናው ሸኘቻቸው። ያን ጊዜ የወይዘሮ የትነበርሽ ሐሳብ በሙሉ ከነገ ጠዋት በፊት በመድረስ ላይ ነበር።

አምባ ጊዮርጊስ ሲደርሱ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ወደ ቤታቸው አልገቡም። በአገራችን የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ በተበደለው ደጃፍ ይቆማል። ወይዘሮ የትነበርሽ ድንጋይ አልፈለጉም። ማኪናዋን ከነጠላው ፈትተው ማጅራታቸው ላይ ጫኑ፤ ጎንበስ ብለውም በወይዘሮ እንኳየሁ በር ቆሙ። ወይዘሮ እንኳየሁ ድስቶቹን በጭድ እየሸፈኑ በጆንያ ይከቱ ነበር።

«ምነው የትነበርሽ? ምን ተሸክመሽ ነው?»

«ጥፋቴን» አሉ ወይዘሮ የትነበርሽ። «ስለ እመቤታችን ማሪኝ። ማኪናዬን የበላት ዓይንሽ አይደለም። እኔ ቅቤ አጠጥቻት ውርጭ አረጋው። አጣርቼ መጣሁ። ማሪኝ እስክትዪ አላወርዳትም።»

ወይዘሮ እንኳየሁ ወዲያው «ተይው» አላሉም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሰው ድስታቸውን ሲመልስ፣ ሕፃናት ሲያዩአቸው ፊታቸውን ሲሸፍኑ የኖሩ ሴት ናቸው። ነገሩን ሁሉ፣ ቅቤውንም ፍሪጁንም፣ እስከ መጨረሻው አዳመጡ።

«ቅቤ?» አሉ።

«ቅቤ።»

«የትነበርሽ፣ እኔ የቅቤ ማሰሮ ስሠራ ነው ያረጀሁት። ቅቤ በታኅሣሥ ማለዳ እንዴት እንደሚረጋ ከኔ በላይ ማን ያውቃል? ብትጠይቂኝ እነግርሽ ነበር እኮ!» አሉና እንባቸው መጣ። «አንድ ቃል ብትጠይቂኝ!»

ወይዘሮ የትነበርሽ ማኪናዋ ከምትከብዳቸው በላይ ይህ ቃል ከበዳቸው። ይበልጥም ጎነበሱ። ያን ጊዜ ወይዘሮ እንኳየሁ ፈጥነው ተነሥተው በሁለት እጃቸው ማኪናዋን ከማጅራታቸው አነሡላቸው።

«ምሬሻለሁ» አሉ። «ግን ይኸን ቃል እኔ ጆሮ ላይ ብቻ አትተይው። ስሜን ያጠፋሽው በማኅበር ነው።»

«በማኅበር እመልሰዋለሁ።»

መለሱትም። ታኅሣሥ ሃያ አንድ፣ ጽዋው ሳይነሣ ወይዘሮ የትነበርሽ ቆመው ቅቤውን፣ ውርጩን፣ ፍሪጁን አንድ ሳያስቀሩ ተናገሩ። ሴቶቹ በቅቤው ሳቁ፣ ስለ ድስቱ አፈሩ። ከዚያም ወይዘሮ የትነበርሽ ጽዋውን ተቀብለው ቀድመው ለወይዘሮ እንኳየሁ አቀበሉ። በሚቀጥለው ገበያ የወይዘሮ እንኳየሁ ድስት እስከ እኩለ ቀን አለቀ። በመንደሩ ማኪና ያላቸው ሦስት ሴቶችም ማኪናቸውን ይዘው ወደ ወይዘሮ የትነበርሽ መጡ፤ ከሦስቱ አንዷ ኑግ ዘይት ቀብታ ኖሮ ያፈረችው ማፈር አይነገርም። ዛሬ በዚያ መንደር የማኪና ክር ሲተበተብ «ማን አየብሽ?» የሚል የለም። «እግሩን አንሥተሽ ነው ያስገባሽው? መቼ ጠረግሻት?» ይባላል። ከዚህ የሚገኘው ጥቅም ሁለት ነው፤ ልብሱ ይሰፋል፣ ጎረቤትም አይቀደድም። የተቀደደ ልብስ ደግሞ ይጣፋል፤ የተቀደደ ጎረቤት ግን ለመጣፍ ድንጋይ ያሸክማል።

ለጥምቀት ጥቂት ቀናት ሲቀሩ፣ ውርጩ እንደ ነጭ ዱቄት በተነዛበት አንድ ማለዳ፣ ወይዘሮ እንኳየሁ ወንፊት ሊዋሱ መጡ። ወይዘሮ የትነበርሽ አሥረኛውን ቀሚስ እየሰፉ ነበር። ማኪናይቱ በዚያ ብርድ ትበር ነበር። ወይዘሮ እንኳየሁ በሩ ላይ ቆሙና «ምነው እንዲህ…» ብለው ጀምረው በድንጋጤ አቋረጡት። ፈጥነውም ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ሳቡ።

ወይዘሮ የትነበርሽ እግራቸውን ከፔዳሉ አነሡ። ተነሥተው ነጠላውን ከጎረቤታቸው ዓይን ላይ በእጃቸው ገለጡና ከማኪናዋ አጠገብ ያለችውን ዱካ ሳቡላቸው።

«ጨርሽው እንጂ እታለም» አሉ። «ተቀመጪና ጠግበሽ እያት።»

ወይዘሮ እንኳየሁ ተቀመጡ። «ምነው እንዲህ ስትፈጥን!» አሉ፣ ወንፊቱንም ረስተው ቀሚሱ እስኪያልቅ ድረስ ሲያዩ ቆዩ።